ልጥ የሚነከርበት ጠበል

ቅዳሜ ጠዋት፣ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ጀሞ አደባባይ ዳር በኮንትራት የያዝናት ሚኒባስ ሞተሯን ሳታጠፋ ትጠብቀናለች። የባለቤቴ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር ሁለት ፔርሙዝ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦና አንድ ፌስታል ቆሎ አለ። ልጆቹ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ ተጭነዋል። ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ከኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ እየተጋፉ ነው። መኪናዋ ልትንቀሳቀስ ስትል እማዬ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ዛሬ የማን ንግሥ ነው?»

«ንግሥ የለም እማዬ» አለች ባለቤቴ። «ዝም ብለን ነው የምንሄደው።»

«ዝም ብሎ መንገድ አለ እንዴ?»

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

በእኛ አገር ከቤት ወጥቶ መሄድ ምክንያት ሲፈልግ ኖሯል። ንግሥ፣ ጠበል፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የታመመ ዘመድ። እማዬ ታኅሣሥ 19 ኩሉቢ ገብርኤል ወርደዋል፣ መጋቢት 5 ዝቋላ አቦ በእግራቸው ወጥተዋል፣ ደብረ ሊባኖስ ሱባኤ ገብተዋል። እኛ ዛሬ በስብሰባና በማስታወቂያ «የአገር ውስጥ ቱሪዝም» የምንለውን ነገር እሳቸው ስሙን ሳይሰሙ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውታል። ልዩነቱ እሳቸው ሲሄዱ ቀኑን የሚቆርጥላቸው ጻድቁ ወይም መልአኩ መሆኑ ነው። የእኛን ቀን የሚቆርጠው አለቃችን፣ የልጆቹ ፈተናና የነዳጅ ሰልፍ ነው።

ለነገሩ አዲስ አበባ ራሷ የአጭር ዕረፍት ልጅ ናት። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከተማ አድርገው ሳሉ ቦታው ብርድና ንፋስ የበዛበት ስለነበር ገላቸውን ለመታጠብና ለመሞቅ ወደ ፍልውሃ ይወርዱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ስሙንም «አዲስ አበባ» አሉት። መኳንንቱም ተከትለው ሰፈሩ። እንግዲህ ሚሊዮኖች የምንጋፋባት ይህች ከተማ የተጀመረችው ከቤታቸው ብዙም ሳይርቁ ለጥቂት ቀን ሊያርፉ ወርደው እዚያው በቀሩ ሰዎች ነው ማለት ነው። የእነሱን ልጆች ዛሬ ቅዳሜና እሑድ የት እናሳልፍ ብትሏቸው ግማሾቹ ስለ ዱባይ ያወራሉ።

«በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገሬ ሰው። ሩቅ ያለውን ጠበል ተሳልመው የሚጠጡት፣ ደጃፋቸው ያለውን ግን ልጥ የሚያርሱበት ሰዎች ናቸው የተተረተባቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመዲናዋ ከ90 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ፣ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። በመካከላቸው ደግሞ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን አለች። አዲስ አበባ ተወልጄ ባደግሁባቸው ዓመታት ሦስቱንም አላየሁም ነበር። ቢሾፍቱን ግን ስንት ጊዜ እንደሄድኩ አልቆጥረውም።

ወደዚህ መንገድ ያመጣኝ አንድ የከሸፈ ዕረፍት ነው። ያለፈው ዓመት ሦስት ቤተሰብ ሆነን ወደ አንድ ሐይቅ ዳር ለሁለት ሌሊት ወጣን። የወጣነው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር፤ ማለትም ቃሊቲን የሚያውቅ ሰው ፈጽሞ በማይወጣበት ሰዓት። ከከተማ ለመውጣት ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በስልክ የያዝነው ክፍል ስንደርስ ለሠርገኞች ተሰጥቶ ቆየን፤ የእንግዳ መቀበያው ልጅ «ቅድሚያ ክፍያ አላየሁም» አለ፤ ልጆቹ በልብሳቸው ተኙ። ቅዳሜ ግማሹ ቀን ቁርስ በመጠበቅ ግማሹ ምሳ በመጠበቅ አለፈ። እሑድ መንገዱ ይጨናነቃል ብለን ከምሳ በፊት ተነሳን፤ ለካ ሁሉም ሰው እንደዚያው አስቦ ኖሯል። ቤት ገብተን ስንደምረው ሐይቁን ዐይተን የተቀመጥንበት ጊዜ አራት ሰዓት አይሞላም። ለዚያ አራት ሰዓት የከፈልነውን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ጥፋቱ የሐይቁ አይደለም። ቢሾፍቱ ከሆነ ልቤ አይጠላትም፤ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በቀሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙት እነ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቁም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አጭር ዕረፍትን እንደ ሠርግ መደገሳችን ነው። ሰው እናበዛለን፣ ምግብ እናበዛለን፣ ቦታ እናበዛለን፤ ሰዓቱን ግን አናስብም። የሁለት ቀን ዕረፍት ጠላቱ ርቀት ሳይሆን መጠበቅ ነው። መኪና መጠበቅ፣ ክፍል መጠበቅ፣ የዘገየ ዘመድ መጠበቅ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ሌላ ነገር ሞከርን። አዳር የለም። ሆቴል የለም። አንድ መንገድ፣ ሦስት ማረፊያ፣ ማታ ቤት። ሰው ዘጠኝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት መኪና ይሆናል፤ ሁለት መኪና ከሆነ ደግሞ አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን ይጠብቃል።

ቀኑን መቁረጥ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ ከዓለም ገና በታች ያለው ሜዳ ዋልካ ስለሆነ ከአስፋልት ወጣ ያለ ሰው ጭቃው ይውጠዋል። በሁዳዴ 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በገና ጾምም ጭምር፣ መንገድ ዳር ያሉት ጥሩ ጥሩ ሥጋ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። ለሚጾም ሰው ጸጥታው በረከት ነው፤ ክትፎ አስቦ ለወጣ ግን ሐዘን ነው። ረቡዕና ዓርብንም እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል የቀን መቁጠሪያው ራሱ የሚሰጠን ስጦታ አለ። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ ሚያዝያ 27 የአርበኞች መታሰቢያ። በመካከላቸው ሦስት ቀን ብቻ ስላለ፣ ከዓመት ፈቃዱ አንድ ሁለት ቀን የሚቆነጥር ሰው ሳምንት ሊሞላ የቀረው ዕረፍት ያገኛል። እኛ የመረጥነው ጥቅምትን ነው። ዝናቡ ሄዷል፣ ጤፉ ወደ ወርቃማነት እየዞረ ነው፣ ብርዱ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በዚህ ዘመን አይዘለልም፤ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ። ይህን ከኢንተርኔት አትጠይቁ። በዚያው መስመር የሚሠራ ሾፌር ፈልጋችሁ በዋዜማው ጠይቁ። የእኛ ሾፌር ከቡታጅራ ተሳፋሪ ይጭን የነበረ ሰው ነው፤ ዓርብ ማታ ደወልኩለት። «ሰላም ነው ጋሼ፣ ግን 12 ሰዓት ላይ ካልተነሳን እኔ የለሁበትም» አለኝ። የመኪናው ደላላ ከነገረኝ ሁሉ ይበልጥ ይህቺ ዐረፍተ ነገር አሳመነችኝ።

*

ዓለም ገናን ግራ ታጥፈን እንደወጣን ከተማው ባንድ ጊዜ ይለቀናል። ጉም በጤፉ ላይ ተኝቷል። በስተግራ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ሐይቅና የአቦ ገዳም አለ። አዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ የሚኖር ሰው ሰማይ በጠራ ቀን ከሰገነቱ ያየዋል። እማዬ ሲያዩት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተሳለሙ።

«ያኔ ሦስት ቀን በእግር ነበር» አሉ ለልጄ። «ስንቃችን በሶ ነው። እናንተ ደግሞ ገና ሳትነሱ ርቦናል ትላላችሁ።» ልጄ ሁለተኛውን ቁራሽ ድፎ እየበላ ነበር።

አንድ ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደሄድን መልካ ቁንጡሬ ደረስን። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ የሚሻገሩት ዐዋሽን ነው። ዐዋሽ እዚህ ገና ልጅ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚሰምጥ ወንዝ ነው። ቆቃን ሞልቶ፣ የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ የሚያልፈውን ትልቁን ዐዋሽ የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲያየው የአንድ ትልቅ ሰው የሕፃንነት ፎቶግራፍ ያየ ይመስለዋል።

ሙዚየሙ እንደ ጎጆ ክብ ክብ ሆነው የተሠሩ ጥቂት ቤቶች ናቸው። በር ላይ ከፈልን፤ ደረሰኝ ተቀበልን፤ ከእኛ በስተቀር ጎብኚ የለም። አስጎብኚው ገና ጃኬቱን ያልቆለፈ ወጣት ነው። «ቅዳሜ ጠዋት የአዲስ አበባ ሰው መምጣቱ ደስ ይላል» አለን። «ብዙ ጊዜ የሚመጡት ፈረንጆችና ተማሪዎች ናቸው።»

ይህን ቦታ በ1963 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያለው ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ሥራው ውሃ ነበር፤ ያየው ግን የድንጋይ መሣሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ያዘው፤ ከእሱም በኋላ ጣልያኖች ቀጠሉ። ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ካሬና ሲምቢሮ በተባሉት ቦታዎች ወንዙ አፈሩን ሲቆርጥ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚያህል የሰው ልጅ ኑሮ እንደ ተደራረበ እንጀራ ወጣ። ከጋርባ የተገኘው የአንድ ሕፃን መንጋጋ ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህላል፤ ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የሰው ዘር መሆኑ የታወቀው ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጣዩ ዓመት በሐምሌ ወር፣ ኒው ዴልሂ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

ልጄ ከመስተዋቱ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ዐይቶ «ይሄ የጠርሙስ ስብርባሪ ነው?» አለ።

«ባልጩት ነው» አለው አስጎብኚው። «እሳተ ገሞራ የሠራው ጠርሙስ በለው። መንደሩ ራሱ ባልጭት ነው የሚባለው፤ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰዎች መሣሪያ የሠሩበት ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ነው፤ ቆዳ የሚፍቁት ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይወስዱት ነበር።»

የአንድ ድንጋይ አገልግሎት ይህን ያህል ዘመን ሲዘልቅ በሌላ የት ሰምቼ እንደሆነ አላስታውስም። ቃሉ በአፋችን አለ፤ አያቶቻችን ባልጩት ብለውታል፤ ልጆቻችን ግን ድንጋዩን በአካል ያዩት የዚያን ቀን ነው። ልጄ አንዲት ስብርባሪ ከመሬት ላይ አንስቶ ኪሱ ሊከት ሲል አስጎብኚው በፈገግታ እጁን ያዘው። ማንሳት ክልክል ነው፤ መልሶ አስቀመጣት፤ ተኮሳተረ።

ከሁሉ በላይ ያስቆመን ግን ሌላ ነው። ጎምቦሬ ላይ፣ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የወደቀ የእሳተ ገሞራ አመድ ሥር፣ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። አነስተኛ ኩሬ ዳር ነው። ጉማሬ ተመላልሶበታል፣ የሜዳ አራዊትና ወፎች ረግጠውታል። ከእነሱ ጋር የሰው ዱካ አለ፤ የአዋቂዎችም የሕፃናትም። በ2018 እ.ኤ.አ. ጥናቱን ያወጡት ሰዎች እንደሚሉት ከሕፃናቱ አንዳንዶቹ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። አዋቂዎቹ እዚያው ባልጩትና ሌላ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ የጉማሬ ሥጋ ይቆርጣሉ፤ ልጆቹ ደግሞ አጠገባቸው ጭቃውን ይረግጣሉ። ልጆቹን የሚጠብቅላቸው ሰው ስላልነበረ ይሆናል፤ ወይም ማንም ልጁን ትቶ ወደ ውሃ ዳር ስለማይሄድ ይሆናል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አየችው።

እማዬ ግን ሒሳቡ አልገባላቸውም።

«ስንት ዓመት ነው ያልከው ልጄ?»

«ሰባት መቶ ሺህ፣ እማማ።»

«ዓመተ ዓለሙ እኮ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ነው።»

ወጣቱ ይህ ጥያቄ ሲገጥመው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል። «የእርስዎን ቄሶቹ ይቆጥሩታል፤ የእኛን ድንጋዩ ይቆጥረዋል» አላቸው። እማዬ ትንሽ አሰቡ። «እሺ፤ ድንጋይም ምስክር ነው» አሉና ወደ ቀጣዩ ጎጆ ገቡ። የሃይማኖትና የሳይንስ ክርክር በሦስት ደቂቃ ሲቋጭ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ለዚህ ቦታ ከዚህ ያነሰ ጊዜ አትስጡት። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ገና ሳይደክሙ በጠዋቱ ይሁን።

*

ወደ አዳዲ ማርያም የሚወስደው ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኮረኮንች ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ሾፌሩ ክሪኩን አወጣ፣ ስኮርታውን አወረደ፤ ስኮርታው ነፋስ የለውም። ዓርብ ማታ ስለ መንገዱ ሰላም በደንብ ጠይቄዋለሁ፤ ስለ ስኮርታው ግን ቃል አልተነፈስኩም። ባጃጅ እስኪመጣ፣ ጎማው ወደ ጎሚስታ ሄዶ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ከሃያ ሄደ። ግራር ሥር ጨርቅ ዘርግተን ቡናችንን ከፔርሙዝ ቀዳን። ጎረቤቴ ሰዓቱን እያየ «ጢያ አንደርስም» ይላል፤ ባለቤቱ «ለምን ቀጥታ ጢያ አልሄድንም» ትላለች። ያልተጨነቁት እማዬ ብቻ ናቸው። መንገድ ማለት ለእሳቸው ይኸው ነው፤ መኪና ይበላሻል፣ ሰው ይቀመጣል፣ ቆሎ ይበላል።

በጥቅሉ ግን ስኮርታ አስነፉ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ከዚህ ሌላ ምንም ባትይዙ አይቆጨኝም።

አዳዲ ማርያም ከሩቅ አትታይም። መስኩ ላይ ዛፎች አሉ፣ ቅጥር አለ፤ ከዚያ መሬቱ ባንድ ጊዜ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ጣራዋ ከቆማችሁበት መሬት እኩል ነው። ዙሪያዋን ከዐለቱ ለይተው ፈልፍለዋታል፤ ውስጡንም እንዲሁ። ከላሊበላ ቤተ መቅደሶች ጋር ስትወዳደር ትንሽና ሸካራ ናት፤ ጥርቡ አልለሰለሰም፣ ማዕዘኑ አልቀናም። ለእኔ ይህ ውበቷ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው መላእክት አገዙ የሚለውን ትውፊት ለማመን አይቸገርም፤ አዳዲን ያየ ግን የሰውየውን መዶሻ ይሰማል። ከዐለት ከተፈለፈሉት የታወቁ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኘው እሷ ናት ይባላል። የአካባቢው ትውፊት የሠራት ራሱ ንጉሥ ላሊበላ ነው ይላል፤ ወደ ዝቋላ ሲሄድ አርፎባት።

ዲያቆኑ ይህን ሲነግረን እማዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ፤ እሱም ዝም ብሎ አልሄደም።»

ጫማችንን አወለቅን። ድንጋዩ ከጥቅምት ሌሊት የቀረውን ብርድ ሁሉ ይዞታል፤ ልጆቹ በጣታቸው ይራመዳሉ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ በጠባቦቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወድቃል። ቅዳሴው አብቅቶ ነበር፤ የዕጣኑ ሽታ ግን አልወጣም። እማዬ ለረጅም ጊዜ ከአንድ ዓምድ ጋር ተጠግተው ቆሙ። እኛ ወጥተን በቅጥሩ ጥላ ሥር ጠበቅናቸው። ማንም አላጣደፋቸውም፤ ጎረቤቴም ሰዓቱን አላየም። ወር በገባ በ21 የሚመጣ ሰው ሌላ ዓይነት አዳዲን ያገኛል፤ ከበሮና ሕዝብ። ጸጥታውን የሚፈልግ ያንን ቀን ይለፈው።

ጢያ የደረስነው 9 ሰዓት ሲሆን ነው፤ የተራቡ ልጆች፣ የተኮሳተረች የጎረቤት ሚስት። ከዓለም ቅርስ በፊት ክትፎ ይቅደም ተባለ። መንገድ ዳር ካለች ቤት ገብተን ለብ ለብ ከነቆጮው፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር አዘዝን። ጉራጌ አገር ገብተናል። ቆጮው በእጅ ሲቆረስ የሚሳብ፣ ያልደረቀ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የምንበላው ቆጮ የዚህ ዘመድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ፊቶች ሁሉ ተፈቱ።

ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው። ልጄ አላመነም፤ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣ 34 አገኘ፣ እንደገና ቆጠረ። ከእነዚህ 32ቱ ላይ ምስል ተቀርጿል። ሰይፍ አለ፤ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሰይፍ፣ ጫፋቸው ወደ ታችም ወደ ላይም የዞረ። ክብ ምልክት አለ። የእንሰት ቅጠል የሚመስል ሌላም አለ። ከሥራቸው መቃብር አለ። ጢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1980 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት ነው፤ ይሁን እንጂ እነማን እንዳቆሟቸው፣ ምልክቶቹም ምን እንደሚሉ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። የአገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። እንደ እኛ ያለ አገር ያልተብራራ ነገር ሲገጥመው ለግራኝ አለዚያም ለላሊበላ ይሰጣል፤ አንዱ አፍራሽ አንዱ ሠሪ ሆኖ ጠዋትና ከሰዓት ሁለቱንም አገኘናቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርጾቹ ይጎላሉ፤ ጥላው ሰይፎቹን ያወጣቸዋል። ጎማው ባይፈነዳ ቀትር ላይ ደርሰን ግማሹን ሳናይ እንመለስ ነበር። ይህን ለሾፌሩ አልነገርኩትም፤ ስኮርታውን ጭራሽ አያስነፋም።

*

ይህ አንድ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ሌሎቹም እንደዚሁ የተናቁ ናቸው። በምዕራብ በኩል ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ጽድ አስተክለውበታል ይባላል፤ እግሩን ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በሰሜን ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከገዳሙ በፊት በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ይቀመጣሉ። ወንጪን ግን በአንድ ቀን አትሞክሩት። የሐይቁ ጎድጓዳ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ቂርቆስ ገዳም ጀልባ መሻገር ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ካስገባው ወዲህ ደግሞ ጎብኚው በዝቷል። ለእሱ አንድ አዳር መድቡለት፤ ክፍሉንም ቅድሚያ ከፍላችሁ፣ ደረሰኙን በስልካችሁ ይዛችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዚያን ቅዳሜ ወጪ መኪናውን፣ ነዳጁን፣ የመግቢያውን፣ የባጃጁንና የክትፎውን ደምረን ለሁለት ቤተሰብ ስናካፍለው፣ ያለፈው ዓመት ለአንድ ሌሊት ክፍል ከከፈልነው አነሰ። ከወጣንባቸው 13 ሰዓታት ውስጥ መኪና ውስጥ የተቀመጥንባቸው አምስት አይሞሉም። ያለፈው ዓመት ስሌት የተገላቢጦሽ ነበር።

ስንመለስ ሁሉም ተኝቷል። ዓለም ገና ላይ የጭነት መኪናው ሰልፍ ሲጀምር እማዬ ነቁ። ዝቋላ በጨለማ አይታይም፤ እሳቸው ግን ባለበት አቅጣጫ ተሳለሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልጆቹን እንዳይቀሰቅሱ፣

«ደግሞ መቼ ነው ዝም ብለን የምንሄደው?» አሉኝ።

ለሚሄድ ሰው፦ ዓለም ገናን በጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እለፉ። መልካ ቁንጡሬ ይቅደም፣ አዳዲ ትከተል፣ ጢያ ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ በየቦታው ኔትወርክ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። አዳዲ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ወለሉም ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ውጡ።